በመግሪብ የምታዘነብለው መርፌ

የመኪና ኤሌትሪክ ባለሙያው ኡስታ ሸውቂ ዛሬ ዛሬ ክሩስኮት፣ ጌጆቹ የተገጠሙበትን ሰሌዳ፣ አይነካም። መብራት ይሠራል፣ ክላክስ ይሠራል፣ የዝናብ መጥረጊያ ይሠራል፤ ጌጅ ግን ብትለምነውም ብትቆጣውም እጁን ከመሪው ጀርባ አይሰድም። ደንበኛ መጥቶ «የባትሪው መርፌ ወደ ኋላ ሄደችብኝ» ሲለው ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና «ሁለት ሱቅ እለፍ፣ እዚያ ይሠሩልሃል» ብሎ ይሸኘዋል። የሰፈሩ ሰው እርጅና ነው ይላል። ዓይኑ ፈዝዞ ነው የሚልም አለ። ዓይኑማ ከእኔ ዓይን እጥፍ ይሻላል! የማያውቅ ሁሉ አፉን ሲከፍት ደሜ ይፈላል። ነገሩን ከሱ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ። ጉኔም እባላለሁ፣ የመኪና ወንበር ሰፊ ነኝ። ሱቃችን በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው፣ ለዋሒዝ የምትባለው እህቴ ደግሞ የሸውቂ ሚስት ናት። ከእስክንድርያው የአንፉሺ ባሕር ዳር ሦስት መንገድ ገባ ብለን ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል።

የዱሮውን ሸውቂ ብታዩት ኖሮ! እስክንድርያ ውስጥ አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ያለው ሰው ሁሉ እሱ ደጃፍ ይሰለፍ ነበር። ባለመኪናው የብልሽቱን ታሪክ ገና ሲጀምር እጁን ያነሳና «አንተ ዝም በል፣ እሷ ትናገር» ይለዋል። ከዚያ ሞተሩን ያስነሳና ሬጉሌተሩ ላይ ጆሮውን ይደቅናል። ዲናሞው ፈጠን ብሎ ሲዞር በሬጉሌተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽዬ ምላስ ጠቅ ብላ ትገጥማለች፤ ባትሪው መሞላት ጀመረ ማለት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ጠቅ ብላ መላቀቅ አለባት፣ አለዚያ ባትሪው በመጣበት መንገድ ተመልሶ ይፈስሳል። ይህችን ጠቅታ ሸውቂ ከመንገድ ማዶ ይለያት ነበር። መሣሪያው አንድ አምፖል ከሁለት ሽቦ ጋር፣ ፒንሳና ካቻቢቴ፣ በቃ። «ሰው ይዋሻል፣ መርፌ ግን ዋሽታኝ አታውቅም» ይላል። ይህችን ንግግር በየጠዋቱ ከፉሌ ጋር ስበላት ኖሬአለሁ።

ክሩስኮት ጀርባ ያለውን ጉድ የሚያውቀው የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ብቻ ነው። እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ ክታብ ታስጽፍና የሹፌሩ ዓይን የማያርፍበት ቦታ ትወሽቀዋለች። ሸውቂ ክታብ ሲያገኝ አይከፍትም፣ አይጥልምም። ሽቦ እንዳይነካበት ኤሌትሪክ በማያሳልፍ ጥቁር ናስትሮ አጥብቆ ይጠቀልለውና እዚያው መልሶ ያስቀምጠዋል። «ያስገባችው ሴት የራሷን ጉዳይ ታውቃለች፣ እኔ ሽቦዬን አውቃለሁ» ይላል። ሁላችንም ለዚህ እናመሰግነው ነበር፤ እኔም አመሰግነው ነበር።

እንግዲህ በፈረንጆቹ 1989 ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ፣ ሲት ኢንሺራሕ፣ ከባሏ ወንድም ከበዩሚ ጋር ሱቅ መጣች። ባሏን መድቡሊን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ባለጥቁሯ መኪና፣ የሙሽራ ሹፌር። በሰማንያ አራት ለጭነት መኪና ሹፌርነት ኢራቅ ሄደ። ሁለት ደብዳቤና ድምፁን የቀዳበት አንድ ካሴት ላከ። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። ባስራ አየሁት የሚልም፣ ጦርነቱ በላው የሚልም ነበር፤ ያየው ግን ማንም የለም።

«ኡስታ» አለች ኢንሺራሕ፣ የሻርፗን ጫፍ እየጠመዘዘች። «መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ ቆማለች። ቁልፏ አንገቴ ላይ ነው። ግን በየቀኑ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በመግሪብ፣ የባትሪዋ መርፌ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ባትሪው በሁለት ቀን ያልቃል፣ አስሞልቼ እመልሰዋለሁ፣ ደግሞ ያልቃል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እሱ ከሄደ ጀምሮ። እየሳበ ነው ኡስታ። እዚያ ሆኖ ወደ ቤቱ እየሳበ ነው።»

በዩሚ ጭኑን መታ። «ሰማህ ኡስታ? ወንድሜ ባስራ ተቀምጦ አንፉሺ ያለ ባትሪ ይጠጣል! አምስት ዓመት ሙሉ የልብስ ስፌት ገንዘቧን ባትሪ ለሚሞላ ሰው ስታበላ ኖረች። እኔ የምላት ሌላ ነው። ፍርድ ቤት ሞቷል ብሎ ይወስን፣ ቤቱም መኪናውም መልክ ይያዝ። ማመልከቻው ተጽፏል፣ የቀረው የሷ ፊርማ ነው። አትፈርምም!»

«አልፈርምም» አለች። «በሕይወት ያለ ሰው ላይ አልፈርምም። አሁን ግን ኡስታ ይይልኝ። ሽቦ ነው ካሉኝ ያን ቀን እፈርማለሁ። ምንም አላገኘሁም ካሉኝ ደግሞ፣ በዩሚ፣ ሁለተኛ በሬን እንዳታንኳኳ።»

ሸውቂ ሳቅ አለ። ያቺን ሳቁን አውቃታለሁ፣ ሙያው ሲነካ የሚስቃት ናት። «እህቴ፣ እኔ ያላገኘሁት ፍሳሽ የለም» አላት። ምላሴን በቆረጠው! «ሂድና እይላት» ብዬ የገፋፋሁት እኔ ነበርኩ።

አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አራታችንም ጋራዡ ገባን። ከባሕሩ አንድ ግድግዳ ነው የሚለየው፤ ጨው የተላጠ ኖራ፣ የረጠበ ወለል። ጥቁሯ መኪና ተወልውላ ታበራለች፣ አንድ ቅንጣት አቧራ የለባትም። ኢንሺራሕ በሯን ከፍታ ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ተቀመጠች፤ የሹፌሩን ቦታ አልነካችውም። የዚያ ወንበር ቆዳ ጎድጎድ እንዳለ ነበር። እኔ ወንበር ሰፊ ነኝ፤ አምስት ዓመት ሰው ያልተቀመጠበት ስፖንጅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይሄኛው አልተመለሰም።

ሸውቂ ባትሪውን ገጠመ፣ ሁሉንም ማብሪያ አጠፋ። መርፌዋ መሃል ላይ ቆመች። «ይኸው፣ ምንም የለም» አለ በዩሚ። ጠበቅን። ከዚያ መስጊዱ ለመግሪብ አዛን አለ። አዛኑ ሳያልቅ ወላሂ፣ በዓይኔ በብረቱ አየኋት፤ መርፌዋ ንቅንቅ አለችና ቀስ ብላ ወደ ግራ አዘነበለች፣ እዚያው ቀረች። ቆሌዬ ተገፈፈ። በዩሚ እንኳ ከመኪናዋ አንድ እርምጃ ራቀ።

«እንደምን ዋልክ» አለች ኢንሺራሕ ለመርፌዋ፣ በለሆሳስ።

ሸውቂ አልደነገጠም። የእጅ ባትሪውን ሰጠኝና ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ ሬጉሌተሩን ከፈተ፣ ያቺ ምላስ ተጣብቃ እንደሆነ ብሎ፤ አልተጣበቀችም። የዲናሞውን ሽቦ ነቀለ፤ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። የክላክሱን ነቀለ፣ የውስጥ መብራቱን፣ የሰዓቱን። አንድ ሽቦ በነቀለ ቁጥር «አሁንስ?» ይላል፣ እኔም «እንደነበረች ናት» እላለሁ። የነቀለው ሽቦ ወለሉ ላይ ተከመረ። ከባትሪ እስከ መርፌዋ ካለችው ከአንዲቱ ሽቦ በስተቀር ምንም የቀረ ነገር አልነበረም። ኤሌትሪኩ ግን ወደ የት እንደሆነ እንጃ፣ ይሄዳል።

«እንግዲህ አላገኘህም» አልኩት። እውነቴን ነው፣ እዚያ ላይ ቢያቆም ደስ ባለኝ።

«ቆይ» አለኝ። በጀርባው ተኛና እጁን እስከ ክንዱ ድረስ ከክሩስኮቱ ጀርባ ሰደደ። ድንገት ጮኸ፣ እጁንም መንጭቆ አወጣ። እስከዚያ ቀን ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

«ምን ነካህ?»

«ይሞቃል» አለ። «ለስላሳ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ይሞቃል። የሰው እጅ የያዝኩ መሰለኝ።»

እንደገና ሰደደና አወጣው። ክታብ ነበር። በቆዳ የተሰፋ የቆርቆሮ ማኅደር፣ ጣት የምታህል። አንዱ ጫፍ የመርፌዋን ብሎን፣ ሌላው የመኪናዋን ብረት ተደግፎ ኖሯል። ቀን ቆዳው ደረቅ ነው፤ መግሪብ ላይ የባሕሩ ጤዛ ሲገባ ይረጥባል፣ ጨው የጠጣ ቆዳ ደግሞ ኤሌትሪክ ያሳልፋል። ከብሎኑ ወደ ማሳ፣ ማለት ወደ መኪናዋ ብረት፣ ሾርት፤ ለዚያውም ቀጭን ሾርት። ክታቡን ሲያወጣው መርፌዋ ወዲያው መሃል ላይ ገባች።

ሸውቂ ይህን ሁሉ በእርጋታ አስረዳት። በዩሚ እጆቹን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «አልሐምዱሊላህ! ሽቦ ነው! ቆርቆሮ ነው! ፈርሚ!»

ኢንሺራሕ ግን ክታቡን እንጂ እሱን አላየችም። «ይሄ የኔ ነው» አለች። «ሊሄድ ሲል አስጽፌ የወሸቅኩት እኔ ነኝ። መድቡሊ የሐኒፋ ልጅ ወደዚህ ይመለስ ተብሎ የተጻፈ ነው። ኡስታ፣ ሌላ ምን አልኩዎት? እየሳበ ነው አልኩዎት፤ እርስዎ የሚስብበትን ገመድ አገኙ። በሉ እንደነበረ ይመልሱልኝ።»

ሸውቂ ግራ ገባው። እሱ አፈረስኩ ሲል ለሷ የገነባላት ሆኖ ተገኘ። በዩሚ በዚያ በኩል ይጮሃል፣ እሷ በዚህ በኩል እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ሸውቂ ደግሞ ለሁለቱም ደግ መሆን ፈለገ፣ አላህ ያውቅለታል። ከኪሱ ናስትሮውን አወጣ። ክታቡን አጥብቆ ጠቀለለው፣ ሦስት ዙር፣ አራት ዙር፣ ቆዳው እስኪሰወር። «አልጣልኩብሽም እህቴ። ይኸው ቦታው ላይ አስገባዋለሁ። ያንቺም ክታብ እዚያው ይኖራል፣ ባትሪውም አያልቅም» አላትና መልሶ ወሸቀው።

ተቀመጥን። ጨለመ፣ ጤዛው ገባ፣ የመኪናዋ መስታወት ረጠበ። መርፌዋ መሃል ላይ ናት። ኢንሺራሕ የመርፌዋን መስታወት በጣቷ መታ መታ አደረገች። ቆይታ ጆሮዋን አስጠጋች። ከዚያ ያለ ለቅሶ፣ ያለ ጩኸት፣ ቀና ብላ ሸውቂን አየችው።

«ኡስታ፣ አፈኑት» አለችው።

«እህቴ፣ ናስትሮ እኮ ነው...»

«አየሁ። ስትቆም አየኋት። አምስት ዓመት አንድ ቀን ሳትቀር መጥታ ዛሬ ቀረች።» ወደ በዩሚ ዞረች። «ወረቀቱን አምጣ። አሁን ሞቷል።»

እዚያው ኮፈኑ ላይ ፈረመች። በማግስቱ ጥቁር ለበሰች፣ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠች፣ ሴቶቹ «መቼ አረፈ?» ሲሏት «ማክሰኞ በመግሪብ፣ ኡስታ ሸውቂም ነበሩ» ትላቸዋለች። ፍርድ ቤቱም ወሰነ። በዩሚ መኪናዋን ለአንድ የታንታ ሰው ሸጣት፣ ቤቱንም ያዘ፤ እሷ ድርሻዋን ተቀብላ ሁለት መንገድ አልፎ አንድ ክፍል ተከራየች። ሸውቂ ለጊዜው ሥራውን ቀጠለ። አንዳንዴ ብቻ «ጉኔም፣ ትክክል ነው የሠራሁት አይደል?» ይለኛል። «ትክክል ነው፣ ምን ነካህ!» እለዋለሁ፣ ደግሞ እቆጣዋለሁ።

በቀጣዩ ዓመት፣ ኩዌት ስትወረር፣ ከኢራቅ ሰው ጎረፈ። ከዮርዳኖስ በመርከብ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ፣ ብርድ ልብስ ተሸክመው ገቡ። በመስከረም አንድ ቀን ጠዋት አንድ ከሲታ ሰው የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ይዞ ሱቃችን ፊት ቆመ። «ሰላም ዓለይኩም። መድቡሊ የሚባል ሹፌር እዚህ ሰፈር ነበር ይባላል። ቤቱ የት እንደሆነ ታሳዩኛላችሁ?»

መርፌዬ ከእጄ ወደቀች። «አንተ... መድቡሊ! አንተው ነህ እኮ!»

«ፓስፖርቱም እንደዚያ ይላል» አለ፣ በትሕትና፣ የሌላ ሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው።

አስቀመጥነው፣ ሻይ ሰጠነው። ሸውቂ ከፊቱ ቁጢጥ አለ። «ወንድሜ፣ ይህን ያህል ዘመን ምነው ዝም አልክ?»

«መጀመሪያ ላይ አሠሪዬ ፓስፖርቴን ቀማኝ፣ ደብዳቤም አያስልክም ነበር። መምጣቴን ግን አውቅ ነበር። በየቀኑ በመግሪብ እዚህ ጋ» ከእምብርቱ ከፍ ብሎ እጁን አሳረፈ፣ «ሙቅ ነገር ይይዘኝና ይጎትተኝ ነበር። የት እንዳለሁ እንኳ ሳላውቅ ፊቴን ወደዚህ ያዞረኛል። በዚያ ነው የኖርኩት። ከዚያ አምና፣ ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቆመ።»

ሸውቂ ፊቱ ኖራ መሰለ። «ምን ቀን?»

«ማክሰኞ። መጀመሪያ ቀለለኝ። በማግስቱ የሚስቴን ስም ልጠራ ብዬ አጣሁት። ከዚያ የመንገዱን ስም አጣሁት። የሚገርማችሁ ግን፣ በዚያው ረመዳን ሰውዬው ልቡ ራርቶ ፓስፖርቴን መለሰልኝ። የአውቶቡስ ገንዘብም ጨመረልኝ። ‘ሂድ፣ አገርህ ግባ’ አለኝ።» ሻዩን አየው እንጂ አልጠጣውም። «ወዴት እንደምሄድ አሰብኩ አሰብኩ፣ ምንም አልመጣልኝ አለ። እዚያው ተቀመጥኩ። ዘንድሮም ሁሉም ሲሸሽ ተከትዬ ሸሸሁ፣ ወደብ ላይ ፓስፖርቴን ያየ ሰው ወደዚህ ሰፈር መራኝ እንጂ የጠራኝ የለም።»

ሸውቂ ሁለት እጁን አገላብጦ አያቸው። ብዙ ጊዜ አያቸው። ከዚያ ተነስቶ «ና» አለው። «ልውሰድህ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔው እነግራታለሁ።»

ሦስታችን ሄድን። ሰውየው በተወለደበት ሰፈር እንደ እንግዳ ግራ ቀኝ እያየ ይከተለናል። እኔ አሁን ትጮሃለች፣ አሁን ራሷን ስታ ትወድቃለች እያልኩ እሄዳለሁ። ሸውቂ አንኳኳ። ኢንሺራሕ የልብስ ስፌት ክር አንገቷ ላይ አድርጋ ከፈተች። ተመለከተችው። ፊቱን፣ እጁን፣ ጫማውን አየች፣ መልሳም ፊቱን።

«እህቴ» አለ ሸውቂ፣ «መድቡሊ ነው። አልሞተም። እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ፣ ናስትሮ ነበር፣ ናስትሮ ብቻ።»

«እኚህ ሰው ይመስሉታል» አለች ኢንሺራሕ ዝግ ብላ። «በጣም ይመስሉታል። ግን ኡስታ፣ እርስዎው ነዎት እኮ ሲሞት ያሳዩኝ።»

ሸውቂ ግድግዳውን ተደገፈ። ሰውየው አልተቆጣም፣ ስሙንም አልተናገረም። ሴትዮዋን አተኩሮ አያት፤ የሚፈልገው ነገር እንዳለ፣ እንዳጣውም ከፊቱ አነበብኩ። ከዚያ ብርድ ልብሱን መሬት አስቀመጠና ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣጠፈ።

«ባለቤትዎ ጥሩ ሰው ነበሩ?» አላት።

«ጥሩ ሰው ነበር። ሊመለስ ነበር።»

ሰውየው ራሱን ዝቅ አደረገ። «የቀረው ዕድሜያቸው በእርስዎ ላይ ይጨመር» አላት፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው።

«ለእርስዎም ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ወንድሜ» አለችው፣ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።